ማማውን ያላየው ተሳፋሪ

ፋርማሲስቱ ከመኪናው ወርዶ ጀልባዋን ሲያያት ባለበት ቀረ። ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለባት፣ ስምንት ሰው የምትይዝ ትንሽ ጀልባ ነች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከጫማ መሸጫው ደጃፍ ቆሞ ስንት ጊዜ አይቷታል! ቀርቦ አይቷት ግን አያውቅም። መሪዋን የያዘችውን ልጅማ ማን ይንገረው? ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳችው እሷው ነች።

«ቅዳሜ ልደቴ ነው፤ ሥራ እንዳትይዝ» ነበር ያሉት እናቱ። ምሳ መስሎት ነበር። መኪናው ወደ ወንዙ ሲታጠፍ ነው ነገሩ የተነገረው፦ ጀልባ ለብቻ ተከራይተዋል፣ የሰዓት ማማውን በውሃ ሄደው ሊያዩት ነው። ያ በብስኩት ካርቶንና በፖስታ ካርድ ላይ የማይጠፋው የከተማው ማማ እግሩን ወንዙ ውስጥ ነክሮ የቆመ ስለሆነ ፊቱ የሚታየው ከውሃው ላይ ብቻ ነው። ገንዘብ ያለው ጀልባ ተከራይቶ ፊቱን ያያል፣ የሌለው መንገድ ላይ ቆሞ ጀርባውን ያያል። እናቱ ደግሞ የሦስት ፋርማሲ ባለቤት ናቸው፤ ጀርባ የሚያዩ ሴት አይደሉም።

እሱ ግን ውሃ ይፈራል። ፍርሃት ሲባል ዝም ብሎ ፍርሃት አይደለም። በሰባት ዓመቱ ወንዝ ላይ ከተጋደመ ጣውላ ተንሸራቶ ገብቶ፣ እናቱ ከነልብሳቸው ዘለው በጸጉሩ ጎትተው አውጥተውታል። ከዚያ ወዲህ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እንኳ ተቀምጦ አያውቅም። ይህንን ከእናቱ በቀር ያወቀበት የለም። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ነጭ ጋዋን የሚለብስ፣ ሕዝቡ «ዶክተር» እያለ የሚያከብረው ሰው ይህን ለማን ይናገራል?

ለካፒቴኗማ እንዴት ተደርጎ! ካፒቴን የሚሏት ከአባቷ መሪውን ከተረከበች ጀምሮ ነው። መጀመሪያ የተዋወቁት ገመድ መዳፏን ልጦት ፋርማሲው የመጣች ቀን ነበር። ቁስሏን ሲያጥብላት «ቀስ በል እንጂ፣ ገመዱ እንኳ እንዲህ አልጨከነብኝም» አለችው። ከዚያ ያልቆሰለ ጣቷን ይዛ መምጣት ጀመረች፤ እሱም ያልቆሰለውን ጣት በትጋት አከመ። በዳቦ ቤቱ፣ በሲኒማው፣ በመናፈሻው ተገናኙ። ወንዝ ዳር ግን አንድም ቀን። «ና፣ ማማውን ላሳይህ» ስትለው ወይ ራሱን ያመዋል፣ ወይ የመድኃኒት ቆጠራ ይደርስበታል።

ባለፈው ወር ነው ተስፋ የቆረጠችው። የፋርማሲው መስኮት ጋ ቆማ «ገባኝ» አለችው። «ዳቦ ቤት ውስጥ ትወደኛለህ። ወንዝ ዳር ስሆን ግን አታውቀኝም። ከጀልባ ነጂ ጋር ሰው እንዳያይህ ነው።»

«አይደለም» አለ።

«ታዲያ ምንድነው?»

ዝም አለ። ዝምታው ፈረደበት። ዞር ብላ ሄደች፤ እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰም።

አሁን እናቱ ክንዱን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «ካስፈራህ ግድ የለም ልጄ፣ መኪናው ውስጥ ጠብቀን። ማንም አይታዘብህም።» ድምጻቸው ማር ነበር። ዓይናቸው ግን ወደ ጀልባዋ፣ ገመድ ወደምትፈታው ልጅ ሄዶ ተመለሰ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ተገለጠለት። የፋርማሲው ካሸር ምስጢር አትቋጥርም፤ የሁለቱን ፍቅርም ጠብም ለእናቱ ነግራቸዋለች። እናቱም በከተማው ካሉት ጀልባዎች ሁሉ ይህችን መርጠው፣ ለልጃቸው ያሰቧትን የመድኃኒት አስመጪውን ቆንጆ ልጅ ከነአባቷ ጋብዘው መጥተዋል። ልጃቸው እንደማይሳፈር ያውቃሉ። ዳር ቆሞ ሲቀር ካፒቴኗ በገዛ ዓይኗ እንድታይ ነው።

ከፊቱ ውሃው ድንጋዩን እየላሰ ይመለሳል። ካልገባ ያጣታል። ከገባ ደግሞ ይሞታል፤ እንደሚሞት በፍጹም አልተጠራጠረም። እግሩን አነሳ፤ በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ፈርቶ አያውቅም።

*

ካፒቴኗ ተሳፋሪዎቿን አንድ በአንድ እየደገፈች አስገባች። እሱ ጋ ስትደርስ እጇን ዘረጋችለት፤ ዓይኗ ግን ከትከሻው አልፎ ሌላ ቦታ ነበር።

«ይግቡ ጌታዬ» አለችው።

ይግቡ! ስትቆጣው፣ ስትስቅበት፣ «አንተ ሰነፍ» ስትለው የከረመች ልጅ አንቱ አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እጇን ሲይዝ መዳፏ ላይ ያለችው የድሮዋ ጠባሳ ነካችው፤ ወለሉ ከእግሩ ሥር ሲወዛወዝ ግን ያንንም ረሳው።

«ይቺ ጀልባ ሰው ትይዛለች ወይስ እኔን ብቻ?» አሉ አስመጪው ሆዳቸውን አስቀድመው እየገቡ።

«ሁላችሁንም ትይዛለች ጋሼ፤ ከተቀመጣችሁ።»

«እኔስ እቀመጣለሁ፤ ማን ሊያነሳኝ ነው?» አሉ አክስቱ፣ የእናቱ ታናሽ፣ ሰው ካልሳቀላቸው የማይመቻቸው ሴት። እናቱ አልሳቁም። ልጃቸው ጀልባዋ ውስጥ ቆሞ ሲያዩ ያልጠበቁት ነገር እንደደረሰባቸው ፊታቸው ያስታውቃል። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና አስመጪውን አይተው ተዉት።

ካፒቴኗ ሁሉንም የመንሳፈፊያ ጃኬት አስለብሳ ስታበቃ እጇን አጨበጨበች። «ስሙኝ። ማማው ብቅ ሲል ሁላችሁም ወደ ቀኝ ትሮጣላችሁ። አትሩጡ ብል አትሰሙኝም፤ እስከ ዛሬ የሰማኝ የለም። ስለዚህ እኛ ጀልባ ነጂዎች አንድ ልማድ አለን። አንድ ሰው በግራ በኩል ይቀመጣል፣ ምንም ቢመጣ አይነሳም። ‹ሚዛን› እንለዋለን። ጀልባዋ ስታዘነብል ያቺን ገመድ ይዞ ጀርባውን ወደ ውሃው ይጥልልኛል። ሁልጊዜ አጎቴ ነበር፤ ዛሬ ወገቡን አሞት ቀርቷል።»

«ማማውንስ ያየዋል?» አለች የአስመጪው ልጅ።

«አያየውም። ጣራው ይከልለዋል።»

«እኔማ ለማየት ነው የመጣሁት» አሉ አስመጪው። «እኔ በግራ ከተቀመጥኩማ እናንተ ሁላችሁ ሰማይ ትነካላችሁ» አሉ አክስቱ። እናቱ ደግሞ «ልጄ ከእንግዳችን አጠገብ ይቀመጣል፤ በቀኝ» ብለው ቆረጡ።

«እኔ እሆናለሁ» አለ ፋርማሲስቱ። ድምጹ የራሱ አልመሰለውም።

ካፒቴኗ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ከዚያ ጃኬቱ በደንብ መታሰሩን ለማየት ጎንበስ አለች። ደረቱ ሥር ያለውን ማሰሪያ ስትስብ እጆቹ ሲንቀጠቀጡ አየች፤ ሌላ ማንም እንዳይሰማ አድርጋ «እናትህን ነው የምትፈራው?» አለችው። «አይዞህ። አላውቅህም። አንድ ቃል አይወጣኝም።»

ውሃውን ነው፣ ሊላት ፈለገ። ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ እምቢ አለው። እሷም ያንን ዝምታ ያው እንደ ለመደችው ተርጉማው ማሰሪያውን አጥብቃ ወደ መሪዋ ተመለሰች። ከውሃው ይልቅ ያ የተመለሰ ጀርባዋ አስፈራው።

*

ሞተሩ ተነሳ። ዳርቻው መራቅ ጀመረ።

የግራው ወንበር ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር የተያያዘ ጠባብ ጣውላ ነው። ክርኑን ወደ ኋላ ቢያደርግ ውሃ ይነካል። ስለዚህ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ የመደርደሪያውን መድኃኒቶች በልቡ በተርታ መጥራት ጀመረ፦ የራስ ምታት፣ የሳል፣ የጨጓራ፣ የደም ግፊት። ጀልባዋ ዘንበል ባለች ቁጥር ተርታው ይጠፋበትና እንደገና ከራስ ምታት ይጀምራል።

ቀኝ በኩል ያሉት ተደስተዋል። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ አንሶላ የተሰጣበት ሰገነት፣ የዱቄት ፋብሪካው ግድግዳ እያለ ያልፋል። ከብረት ድልድዩ ሥር ሲያልፉ አክስቱ ጮኸው የገዛ ድምጻቸውን አዳመጡ። እናቱ ብቻ ጨዋታው ውስጥ የሉም። አሥር ጊዜ ወደ ግራ ይዞራሉ፤ ልጃቸውን ያዩና ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። የጠመዱት ወጥመድ ራሳቸውን ይዟቸው ነበር።

የአስመጪው ልጅ ውሃ በጠርሙስ ይዛ መጣችለት። «ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«አትመስልም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለእኔ ብለህ ከሆነ የምትሰቃየው አትልፋ። እኔም ልቤ ሌላ ቦታ ነው፤ አባቴ ግን አልሰማም።» ሳቅ ብላ ሄደች። እግዜር ይስጥሽ ሊላት ነበር፤ ጥርሱ ከጥርሱ ጋር ተጋጭቶ አስቀረው።

ወንዙ ከጠመዘዘበት ሲያልፉ ማማው ብቅ አለ።

ብቅ ማለቱን ያወቀው ከሰዎቹ ፊት ነው። «ወይኔ ጉድ!» አሉ አክስቱ። «እዩት፣ እዩት!» አሉ አስመጪው፤ ካፒቴኗ ቁጭ በሉ ብላ እየጮኸች ሁሉም ብድግ ብለው በቀኙ መደገፊያ ብረት ላይ ተሰቀሉ። እናቱም ሳይቀሩ ተነሱ። ጀልባዋ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ማማው እግር ሥር ደግሞ ውሃው በድንጋዩ እየተመታ ይሽከረከራል፤ አዙሪቱ ከታች ይዞ ሳባት። የግራው ወንበር ከነተቀመጠበት ወደ ላይ ተነሳ። የአክስቱ ቦርሳ ወለሉን አቋርጦ ተንሸራተተ፣ ቀኙ ጠርዝ ላይ ውሃ ፈሰሰ።

«ሚዛን!» ብላ ጮኸች ካፒቴኗ። «ገመዱን! ጀርባውን ወደ ውጭ!»

ሰምቷታል። እጁ ግን ገመዱን ጨብጦ ደርቋል። ከኋላው ወንዙ ሲያጉረመርም ይሰማዋል። ያ የድሮው ውሃ፣ በአፍንጫው የገባው፣ ጭቃ ጭቃ የሚለው፣ ጉሮሮው ውስጥ ተመልሶ መጣ። አልችልም፣ አለ በልቡ፤ ሁላቸውንም ልገድላቸው ነው።

እናቱ ያን ጊዜ ዞሩ። የሰባት ዓመት ልጃቸውን ፊት አዩ መሰለኝ፤ የልደቱንም፣ የአስመጪውንም፣ የክብራቸውንም ነገር ረሱት።

«ልጄን! ልጄን አትርፉልኝ!» ብለው ጮኹ። «ውሃ ይፈራል እኮ! ከልጅነቱ ጀምሮ ወንዝ ዳር ቆሞ አያውቅም! ገንዳ እንኳ አይገባም! አንቺ ልጅ፣ እሱ አልነገረሽም እንጂ!»

የካፒቴኗ እጅ መሪው ላይ ቀረ። ዓመቱን ሙሉ የሰማቻቸው ራስ ምታቶች፣ የመድኃኒት ቆጠራዎች፣ መስኮቱ ጋ የቆመው ያ ዝምታ፣ አሁን ጃኬቱ ሥር ያየችው መንቀጥቀጥ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። ፊቷ ሲለወጥ እሱ አየው። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል አየው።

«አንተ!» አለችው። «እኔን እየኝ። ውሃውን ተወው፣ እኔን እየኝ።»

አያት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ጀርባህን ጣል። አለሁልህ።»

ጣለ። ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል ወደ ኋላ ተዘረጋ፤ ገመዱ መዳፉን ላጠው፣ የወንዙ ውሃ ማጅራቱን አረጠበው። ጀልባዋ አቃሰተች፣ ቀስ ብላ ግራዋን ዝቅ አደረገች። ካፒቴኗ መሪውን ጠምዝዛ ከአዙሪቱ አወጣቻት።

ቀጥሎ አክስቱ ስልካቸውን እያገላበጡ «ፎቶው ላይ የወጣው አውራ ጣቴ ብቻ ነው» አሉ። እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጥ ነበር። እፍረት ግን አልተሰማውም። ምስጢሩ ወጥቷል፤ እሱም፣ ከነፍርሃቱ፣ አልሞተም።

*

ከማማው አጠገብ የድንጋይ ደረጃ ያለው ማቆሚያ አለ። አስመጪው «እኔ ከዚህ ወዲያ በእግሬ ነው፤ ዓሣ አይደለሁም» ስላሉ ካፒቴኗ ጀልባዋን አስጠጋች። አስመጪውና ልጃቸው ወረዱ፤ አክስቱ በሁለት ሰው ተጎትተው ወረዱ። እናቱ ብቻ ልጃቸው አጠገብ ቆመው ቀሩ።

«እማዬ» አለ። ድምጹ አሁንም አልረጋም። «እሷን ነው የምወዳት።»

«አውቃለሁ።» መሃረባቸውን አውጥተው የልጃቸውን ማጅራት ማድረቅ ጀመሩ። «አትገባም ብዬ ነው ያመጣሁህ። ዳር ስትቀር አይታ ትተውህ ብዬ። እኔ ከውሃ ጎትቼ ያወጣሁህ ሴት፣ ዛሬ በገዛ እጄ መልሼ ጨመርኩህ።» መሃረቡን ጨመቁት። «ተነስ በል። ሾፌሩ መኪናውን እዚህ አምጥቶታል።»

ፋርማሲስቱ ደረጃውን አየ። ደረቅ ነው፣ ቅርብ ነው፣ አይወዛወዝም። መላ ሰውነቱ ወደዚያ ይጮህ ነበር። ካፒቴኗ ጀርባዋን ሰጥታ ገመድ ትጠቀልላለች፤ ግን አንዱን ዙር ደጋግማ ነው የምትጠቀልለው። አትጠይቀውም። ይህን ሁሉ ካወቀች በኋላ ቆይ ልትለው አትደፍርም። እሱ ካልተናገረ አንድ ጊዜ በዝምታው የገደለውን ነገር ሁለተኛ ሊቀብረው ነው።

«እማዬ፣ እኔ በውሃው እመለሳለሁ» አለ።

«ሞልቶ በሚፈስ ወንዝ? እንዲህ እየተንቀጠቀጥክ?»

«እየተንቀጠቀጥኩ።»

እናቱ አዩት። ብዙ ሊናገሩ እንደነበር ያስታውቃል፤ ያን ሁሉ ዋጡት። ወደ ደረጃው ወጡ፣ ዞሩ፣ ካፒቴኗን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። ልጅቷ ገመዱን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አልመረቅኳችሁም» አሉ እናቱ። «ገና ምንም አላልኩም።»

«እሺ እትዬ።»

«ደግሞ…» መሃረባቸውን አጣጠፉ። «ደግሞ ቀስ ብለሽ ንጂ። ልጄ ውሃ ይፈራል። አደራ።»

ይህን ብለው ቶሎ ዞሩና ደረጃውን ወጡ፤ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አላዩም።

ጀልባዋ ከድንጋዩ ተላቀቀች። ካፒቴኗ ሞተሩን ዝቅ አድርጋ ነዳች፣ እግረኛ እንኳ ይቀድማት ነበር። እሱ ከመሪው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ማማውን ቀና ብሎ ማየት አሁንም አልቻለም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ትስቂብኛለሽ ብዬ።»

«እኔ እኮ በእኔ የምታፍር መስሎኝ አለቀስኩ። ስንት ቀን አለቀስኩ!» ከዚያ ሳቅና እንባ ተደባለቀባትና ፊቷን በክንዷ ጠረገች። እሱ እጇን ፈልጎ ያዘ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው፤ እጇ ከእሱ ብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለ ደንግጦ። «ውሃ ትፈሪያለሽ እንዴ?»

«ውሃ!» አለች ካፒቴኗ። «እናትህ ‹አደራ› አሉኝ እኮ።»